የተጣለው እንገር

አልፓካ የግመል ዘመድ መሆኑን ያወቅኩት ሥራውን ከጀመርኩ ከአንድ ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በግ ይመስለኝ ነበር፤ አንገቱ የረዘመ፣ ትክ ብለው ሲያዩት ፊቱን የሚያዞር በግ። የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ እሷም ስልኳ ላይ አንብባ ነው። «የግመል ወገን ነው ይላል» አለችኝና ተያየን። እኛ ግመል አንበላም፣ ወተቱንም አንጠጣም። መንካቱስ? ሁለታችንም አናውቅም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አክስቴ የንስሐ አባታችንን ጠየቀቻቸው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዣለሁ።

«ትበላዋለች?» አሏት።

«ኧረ አትበላም፣ አባ።»

«ታዲያ ምን ታደርገዋለች?»

«ታበላዋለች። በረቱን ትጠርጋለች። ጥፍሩን ትቆርጥለታለች።»

«ጥፍሩን?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ጥፍር መቁረጥ ምንም የለበትም።»

እዚህ ሰው አገር ሥራውን ያገኘችልኝም አክስቴ ናት። ሎውሪ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ሆና ትሠራለች። እዚያ ከምትንከባከባቸው ሽማግሌዎች የአንዱ ሚስት ከኦሮራ ከተማ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ፣ አዳዲሶቹ ቤቶች አልቀው ሜዳው ከሚጀምርበት ቦታ፣ አሥራ አራት አልፓካዎች አሏቸው። ባላቸው ከታመሙ ወዲህ ብቻቸውን መሥራት ከበዳቸው። አክስቴ «የእህቴ ልጅ ፍየል ስታልብ ነው ያደገችው» አለቻቸው። እውነቷን ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆምኩ በኋላ ቤታችን የነበሩትን ሦስት ፍየሎች ማለብ የእኔ ሥራ ነበር። ከዚያ ውጪ አክስቴ ያሰበችው ሌላ ነገርም ያለ ይመስለኛል። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው፤ ያልገባኝን ሁሉ «የስ» እላለሁ። ሬስቶራንት ሞክሬ በሦስት ቀን አቆምኩ። ከእንስሳት ጋር ይሻላታል ብላ መሆን አለበት።

የሚያደርሱኝ የአክስቴ ጎረቤት የሆኑ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ልጅ ሆነው አስመራ በአማርኛ ነው የተማሩት፤ ከእኔ በጣም የተሻለ ይጽፋሉ። ታክሲ ይነዳሉ። ጠዋት ወደ ኤርፖርት ሲወጡ እኔን ያወርዱኛል፣ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ይወስዱኛል። መንገዱ ላይ እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ።

የእርሻው ባለቤት ሴትዮዋ ብዙ አይናገሩም። ሲያስተምሩኝ በእጃቸው ነው። የመጀመሪያ ቀን እጄን ያዙና የአንዷ አልፓካ ጀርባ ላይ፣ ከሱፉ ሥር አስገቡት። አከርካሪዋን ዳሰስኩ። ከዚያ ሌላኛዋ ጋ ወሰዱኝ፤ የእሷ አጥንት እንደ ቢላ ጀርባ ሹል ነበር። ከውጭ ሲያዩዋቸው ሁለቱም እኩል ወፍራም ናቸው። ሱፉ ሁሉንም ይደብቃል። ቢታመሙም አያሳዩም፤ እየበሉ፣ እየሄዱ ቆይተው አንድ ቀን ይወድቃሉ አሉኝ፣ ወይም እንደዚያ ያሉኝ መሰለኝ። ስለዚህ በየሳምንቱ ሁሉንም በእጄ እዳስሳቸዋለሁ። ድርቆሽ እሰጣቸዋለሁ፣ ውሃቸውን እቀይራለሁ፣ የሚልሱትን ጨው አያለሁ። ፋንድያ መጥረግ ቀላል ነው፤ ሁሉም አንድ ቦታ ነው የሚጥሉት፣ ተራ ጠብቀው። ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ሳይከፍቱ «ምም፣ ምም» ይላሉ። ሲደሰቱም ያው ነው፣ ሲጨነቁም ያው ነው። ልዩነቱን እንድለይ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም።

ግራ ያጋባኝ ሌላው ነገር እርግዝናቸው የሚታወቅበት መንገድ ነው። ወንዱን ወደ ሴቷ ያመጡታል። ካላረገዘች ትቀመጥለታለች። ካረገዘች ትተፋበታለች። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ በእጅ ሲያሳዩኝ እኔ መሬት መሬት ነበር የማየው። ቡናማዋን አልፓካ ስንሞክራት መሃል ቆሜ ነበርና ምራቁ እኔ ላይ አረፈ፤ አረንጓዴ ነው፣ ሽታውም አይጣል ነው። ጋሼ ሊወስዱኝ ሲመጡ ጃኬቴን አዩ።

«ማነው የተፋብሽ?»

ለምን እንደተፋች ለእሳቸው መናገር አልቻልኩም።

«መርቃሽ ይሆናል» አሉኝ። «የእኔም አያት ሲመርቁ ይተፉ ነበር። ብቻ እሳቸው ሣር አይበሉም።» መስኮቱን እስከ ታች ከፈቱትና ኮልፋክስ ጎዳና እስክንደርስ አልዘጉትም።

ቡናማዋ አንድ ዓመት ሊሞላት ትንሽ እስኪቀራት ድረስ እርጉዝ ሆና ቆየች። መውለጃዋ ሲደርስ ግንቦት ሆነ። በዚያው ሰሞን ሴትዮዋ የዓይን ኦፕሬሽን ነበራቸው፤ እንግልውድ ከተማ ነው የሚደረግላቸው፣ የሚያመላልሳቸው ሰው ነበር፣ ሁለት ሌሊት ግን እዚያው ያድራሉ። ከመሄዳቸው በፊት ሁሉንም ነገር አሳዩኝ። አልፓካ የምትወልደው ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ሳለች። አትጎትቺ። እትብቱን አዮዲን ውስጥ ንከሪው። ግልገሉን መዝኚና ጻፊ። አራቱን የጡት ጫፎች ጫን ጫን አድርጊያቸው፣ ከየጫፉ እንደ ሰም ያለ መድፈኛ ይወጣል፣ እሱን አውጪ። ከዚያ ግልገሉ መጥባቱን እዪ። የእንስሳት ሐኪሟን ስልክ በረቱ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉት። «ገባሽ?» አሉኝ። «የስ» አልኩ። ይህ ግን በእውነት ገብቶኝ ነበር።

እሳቸው በሄዱ ማግስት፣ ጠዋት ድርቆሽ ሳቀርብ ቡናማዋ አልመጣችም። አጥሩ ጋ ቆማ ጅራቷን አንስታለች። አፍንጫና ሁለት እግር ወጥተው አየሁ። ሌሎቹ ሁሉ መጥተው ከበቧትና «ምም» ይላሉ። አልጎተትኩም። እጄን ከጀርባዬ አቆላልፌ ቆምኩ። ግልገሏ ቀስ ብላ ወረደች፣ አንገቷ ተንጠልጥሎ፣ ከዚያ ዱብ አለች። ሴት ነበረች። አበስኳት፣ እትብቷን ነከርኩ፣ መዘንኳት፣ ጻፍኩ። ብዙ ሳትቆይ በአራት እግሯ ቆመች፤ እንደ ተሰበረ ወንበር ትወዛወዛለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥራ በእጄ የገባ መስሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወደ ጡቷ ሄድኩ። አራቱንም ጫፎች ጫን አደረግኩ። ሰም የመሰለው ነገር ወጣ። ቀጥሎ ቢጫ ወተት መጣ፣ እንደ ማር የወፈረ። ማቆም የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ማለቤን ቀጠልኩ። ግልገሏ ልትጠጋ ስትል በክርኔ ገፋ አደርጋታለሁ። እናቲቱ እግሯን ትመታለች፣ ተፋችብኝም። ጡቷ ትንሽ ስለሆነ በሁለት ጣት ነው የሚታለበው፤ ጣቴ እስኪደነዝዝ አለብኩ። ቢጫው ቀጥኖ ወደ ነጭ መሄድ ሲጀምር ተውኳት። ያለብኩትን ገለባው ላይ ደፋሁት፣ በእግሬም አፈር መለስኩበት። ከዚያ ነው ግልገሏን የለቀቅኳት።

ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጎረቤታችን የሆኑ ሴት የእናቴን ጡት በጨርቅ እያለቡ እንገሩን ጓሮ ሲጥሉ አይቻለሁ። ለሕፃኑ ቅቤ በጣታቸው አላሱት። ቢጫው ሆድ ይነፋል፣ ያሳምማል፤ ነጩ እስኪመጣ ይጠበቃል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ለከብት ግን እንዲህ አይደረግም። የፍየል ግልገል ራሱ ይጠባል፤ ከላም እንገር ደግሞ የተረፈው ለእኛ ለልጆች ይፈላልን ነበር፣ እንወደዋለን። ታዲያ አልፓካዋን ለምን እንደ ፍየል ሳይሆን እንደ ሰው ቆጠርኳት? ሴትዮዋ መድፈኛውን አውጪ ስላሉኝ፣ መድፈኛውና ቢጫው አንድ መስሎኝ ይሆናል። ወይም ዓይኗ ይሆናል፤ አልፓካ ሰው ሲያይ እንደ ሰው ነው የሚያየው። እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። በዚያ ሰዓት ግን አላሰብኩም፤ እጄ ነው የሠራው።

ደስ ብሎኝ ነበርና አክስቴ ዕረፍት በምትወጣበት ሰዓት ደወልኩላት።

«ምን ሆንሽ?» አለች ገና ስታነሳው። «አንቺ ደውለሽ አታውቂም።»

«ወለደች።»

«እሰይ። ምን ወለደች?»

«ሴት። ቆማለች። መዝኜ ጽፌያለሁ። እንገሩንም ጥንቅቅ አድርጌ አልቤ ጣልኩት።»

ከአክስቴ ኋላ የመጦሪያው ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ምኑን ነው የጣልሽው?»

«እንገሩን። ቢጫውን።»

«ማን ጣዪው አለሽ?»

«ማንም።»

«ስሚኝ፣ የኔ እናት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጄን እዚህ ስወልድ ያደረግኩትን ነግሬሽ አላውቅም። ነርሷ ዞር ስትል በሶፍት እያለብኩ ቅርጫት ውስጥ እጥል ነበር። አንድ ጊዜ አየችኝና እጄን ያዘች። ‹ይሄ የመጀመሪያ ክትባቷ ነው፣ ሌላ እንዲህ ያለ የለም› አለችኝ። እኔ እሷ የማታውቅ መስሎኝ ነበር። በኋላ ለሥራዬ ስማር ነው የገባኝ።»

«እሱ ሰው ነዋ» አልኳት።

«ለእንስሳ ይብስ እንደሆነስ? እኔ እንጃ፣ እኔ ስለ እንስሳ አላውቅም። ለሴትዮዋ ደውለሽ ንገሪያት። አሁኑኑ።»

ደወልኩ። ስልካቸው መልእክት ወደሚቀበለው ቮይስሜይል ሄደ። ጢጥ ሲል ዘጋሁት። ደግሜ ደወልኩ፣ ደግሜ ዘጋሁ። ሰው በሌለበት ስልክ ላይ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። በእንግሊዝኛ እንገር ምን እንደሚባልም አላውቅም።

ተመልሼ ግልገሏን ሳያት ፀሐይ ላይ በጎኗ ተኝታለች፣ አንገቷን ዘርግታ። ቀኑን ሙሉ ግራ የተጋባሁት ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ደህና አልፓካም ፀሐይ ሲሞቅ እንደዚያ ነው የሚተኛው። የሞተ እየመሰለኝ ስንቴ ሮጬ ሄጃለሁ። የታመመም እንደዚያው ይተኛል። አጠገቧ ተንበርክኬ ሆዷን አየሁ፤ ይነሳል፣ ይወርዳል። አነሳኋትና ከእናቷ ሥር አቆምኳት። ጡቱን ፈለገች፣ ያዘች፣ ለቀቀች። አፏ ላይ እርጥብ ነገር አለ። የወተት ጠብታ ይሁን ምራቅ አላወቅኩም። ተመልሳ ተኛች። እናቲቱ አሸተተቻትና እኔን አየችኝ።

ለጋሼ ደወልኩ። ከሰዓታቸው በፊት ኑልኝ ብያቸው አላውቅም። መንገደኛ አውርደው መጡ፣ በሩ ጋ ፓርክ አደረጉ፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወረዱ።

«ምነው፣ ልጄ?»

«ግልገሏ፣ ጋሼ፣ ወተቱን...» አልኩና ፊቴ ጋለ። አባቴ ሊሆኑ ለሚችሉ ሰው ስለ ጡት ማውራት ነበረብኝ። ወደ በረቱ ዞሬ፣ ለግድግዳው ነው የነገርኩት።

ሰምተው ጨረሱ። «እና?» አሉኝ።

«እና ስህተት ነው ይላሉ።»

«ማነው የሚለው? የኔ እናት ሰባታችንንም እንደዚያ ነው ያደረገችን። ይኸው እኔ አለሁ። ከጥርሴ በቀር ምን ጎደለኝ?»

«አክስቴ ግን ክትባት ነው አለች።»

«አክስትሽ የተማረችው ለአልፓካ ነው?»

ሁለቱም ታላላቆቼ ናቸው። አንዷ ጣልሽው ትላለች፣ አንዱ ደግ አደረግሽ ይላሉ። እናቴም ብጠይቃት ከጋሼ ጋር ነው የምትሆነው። ግልገሏ ደግሞ ተኝታለች። አየኋት፣ ጋሼን አየሁ።

«ሐኪሟ ጋ ይደውሉልኝ» አልኳቸው። እሳቸውን አንድ ነገር አድርጉ ብዬ ሳዝ የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸውም ገርሟቸው መሰለኝ፣ ምንም ሳይሉ መነጽራቸውን አወጡና ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር መቱ።

ሐኪሟ ግልገሏ ከተወለደች ስንት ሰዓት እንደሆናት ጠየቀች። አምስት ሰዓት ሊሆናት ነው አልን። እሷ መውጣት አትችልም፣ እናንተ አምጧት፣ ቅርብ ነው አለች። እናቲቱ ታክሲ ውስጥ አትገባም። ግልገሏን በጃኬቴ ጠቅልዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። እናቲቱ እስከ አጥሩ ጫፍ ተከተለችን። ያን ጊዜ ያሰማችው «ምም» የቱ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ለየሁት።

«ስንት ሰው ጭኛለሁ» አሉ ጋሼ በመስታወቱ እያዩን፣ «ሻንጣ የሌለው፣ ስልክ የማያወራ፣ መንገድ ተሳስተሃል የማይለኝ፣ ይቺ የመጀመሪያዋ ናት።» እኔ አልሳቅኩም። ትንሽ ነዱና ቀስ ብለው «አንቺ ዝም በዪ፣ እኔ አወራለሁ» አሉ። «እናቲቱ ወተት የላትም ነበር እላታለሁ። መድኃኒቱ ያው ነው። አንቺም ሥራሽን አታጪም፣ ማንም አይጎዳም።»

«እሺ» አልኩ።

እሺ ካልኩ በኋላ ነው ያለፈው መስከረም ትዝ ያለኝ። ወተት የሌላት አንዲት ነጭ አልፓካ ነበረች። ሴትዮዋ «ይቺ እናት መሆን አትችልም» ብለው ሸጧት። የገዟት ሰዎች በተጎታች ጭነው ሲወስዷት የተጎታቹን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። ቡናማዋ ወተት አላት። የደፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሐኪሟ ቤት ደረስን፤ ለጋሼ ግን ምንም አላልኩም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች። ግልገሏን ጠረጴዛ ላይ አስተኛቻት፣ ድዷን አየች፣ አፏ ውስጥ ጣቷን አስገባች። ለምን እንዳልጠባች ጠየቀች። ጋሼ በእንግሊዝኛ፣ እናቲቱ ወተት የላትም አሏት። ይህን ያህል ይገባኛል። ሐኪሟ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች።

«ኖ» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ። ቀጥሎ የሚባለውን አላውቅም ነበር። እጄን አነሳሁና በሁለት ጣቴ አለብኩ፣ አየር ላይ። አራት ጊዜ። ከዚያ ወደ መሬት ደፋሁ፣ በእግሬም አፈር መለስኩበት። «እኔ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «እናቷ ጥሩ። እኔ ጣልኩ።» ሐኪሟ እጄን ለረጅም ጊዜ አየች። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። የጻፈችውን ሰረዘችና እንደገና ጻፈች፣ ከማቀዝቀዣም ጠርሙስ አወጣች። የፍየል እንገር ነው፤ ለእንደዚህ ያለ ቀን የምታስቀምጠው። ሙቅ ውሃ ውስጥ እስኪቀልጥ ጠበቅን። ቀልጦ ሳየው ያው ራሱ ነበር፣ ቢጫው፣ ወፍራሙ። ግልገሏ ከጡጦው አልጠባ ስትል በቀጭን ቱቦ ሰጠቻት። እንገር የሚሰጥበት ሰዓት አላለፈም፣ ግን ይበቃ እንደሆነ ነገ በደሟ ነው የሚታወቀው አለች። መልሳችሁ ለእናቷ ስጧት፣ እናቲቱም የቀራት ይኖራል።

ግልገሏን ይዘን ወደ እርሻው ተመለስን።

«በዚህ ዕድሜዬ» አሉ ጋሼ፣ «ሐኪም ፊት ዋሾ አደረግሽኝ።»

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«እሺ ብለሽኝ አልነበር?»

«ብያለሁ።»

«አማርኛውንም እንደዚያ ብትናገሪው» አሉና ሬዲዮ ከፈቱ።

በማግስቱ ሐኪሟ ራሷ መጥታ ደም ወሰደች። አልበቃም። ፕላዝማ የሚሉት አለ፣ ከሌላ አልፓካ ደም የተወሰደ፣ ቢጫ ነው እሱም። ያንን ሰጠቻት። ግልገሏ ስትታከም ሴትዮዋ ከእንግልውድ ተመለሱ፣ አንድ ዓይናቸው በፕላስቲክ ተሸፍኖ። ሐኪሟ ነግራቸዋለች። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡና ሊወስዱኝ የመጡትን ጋሼን ያስተርጉሙልኝ አሏቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። የተቆጡት በሌላ ነገር ነው፤ ሁለት ጊዜ ደውዬ ቮይስሜይል ላይ መልእክት ባለመተዌ። እዚያው እንድለማመድ አደረጉኝ። ከበረቱ ኋላ ቆሜ ለስልካቸው ስናገር፣ እሳቸው ውስጥ ሆነው በግድግዳው በኩል «ጮክ» ይላሉ።

ከዚያ ለምን እንደጣልኩት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ እናቴን፣ ጨርቁን፣ ጓሮውን፣ ቅቤውን። ጋሼ እየተረጎሙ፣ «እኛም አገር እንደዚሁ ነው» እያሉ ከራሳቸው ይጨምራሉ። ሴትዮዋ ባልተሸፈነው ዓይናቸው ያዩኛል። ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቁ። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት።

«ልጆቹ ኖሩ ወይ? ነው የምትለው» አሉኝ።

እናቴ ከእኔና ከታናሽ ወንድሜ፣ ከእህቴም ሌላ፣ ሁለት ወልዳ ነበር። አንዱ ሳምንት አልሞላውም። አንዷ ክርስትና ሳትነሳ ነው የሄደችው። ስለ እነሱ ቤታችን አይወራም፣ እኔም አስቤያቸው አላውቅም ነበር።

«አንዳንዶቹ» አልኩ።

ጋሼ ተረጎሙ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ግልገሏ ሄዱ።

ግልገሏ ድናለች። ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ መዘንኳት። አንድ ቀን ክብደቷ ካለበት ንቅንቅ ሳይል ቀረና ቁርስ አልበላሁም፤ በሚቀጥለው ቀን ጨመረች። ቡናማዋ እስከ ዛሬ ወደ ግቷ ሳጎነብስ ትተፋብኛለች። አልፈርድባትም።

በዚያው ወር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ ጋ ደወልኩ። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቴ ቤት መጥታለች። ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ጤና ነው፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ። ያን ቀን ግን አስቀድሜ ምን እንደምል ተለማምጄ ነበር።

«እማዬ፣ እህቴ ስትወልድ እንገሩን እንዳትጥሉት።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ሐኪም።»

«የምን ሐኪም?»

«የአልፓካ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የግመል ዘመድ ነው።»

እናቴ ሳቀች፣ በጣም ሳቀች። «ስሚ፣ እህትሽ የግመል ሐኪም አማክራልሻለች» ስትል ሰማሁ። እህቴም ስትስቅ ሰማሁ። ከዚያ እናቴ ወደ እኔ ተመለሰች። «የጤና ኤክስቴንሽኗም እኮ እንደዚያው ትለናለች» አለች።

«እና ምን ትሏታላችሁ?»

«እሺ እንላታለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስትሄድ እናልበዋለን። ምን እናድርግ? ሰው ምን ይላል?»

የማወራው ብዙ ነበር፣ የተለማመድኩት ግን እዚህ ጋ አለቀ። «እማዬ» አልኩ፣ «የእነዚያን የሁለቱንስ?»

የትኞቹን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

«የሁላችሁንም ነው» አለች። «ያንቺን ብቻ ነው ያልጣልኩት። የገበያ ቀን ነበር፣ ሰፈሩ ባዶ ነበር፣ የሚያልብልኝ ሰው አልተገኘም። ሴቶቹ ከገበያ ሲመለሱ ጠብተሽ ተኝተሻል። ተቆጥተውኛል።»

የወንድሜ ሲጣል በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱ ግን ደህና ነው፣ አሁን ከእኔ ይረዝማል። እህቴም እንደዚያው። እነዚያ ሁለቱ በምን እንደሄዱ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ለእናቴ አንቺ ነሽ ማለት አልችልም፣ አይደለሽም ማለትም አልችልም። «እህቴን ስጪልኝ» አልኳት።

እህቴ ስልኩን ያዘች። «ምን አልሻት? ወደ ጓሮ ወጣች» አለችኝ።

«ስትወልጂ ማን አብሮሽ ይሆናል?»

«እማዬ ናታ። ሌላ ማን አለ?»

«ስልኩን አጠገብሽ አድርጊው። ምጥ ሲጀምርሽ ደውዪልኝ፣ በየትኛውም ሰዓት። እንዳትዘጊው።»

«አንቺ ከዚያ ሆነሽ ምን ታደርጊልኛለሽ?» አለችኝ። ልታሾፍብኝ አልነበረም፣ በእውነት ጠይቃኝ ነው።

ከበረቱ ኋላ እንደተለማመድኩት ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «ብቻ ደውዪ» አልኳት።